ፋቡላን የጻፈው እጅ

በሕግ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት በስም ያውቀዋል። ለፈተና ሲባልም ቢሆን ሰባት ምዕራፎችና ሃምሳ አምስት አንቀጾች እንዳሉት፣ ከጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ብዙ እንደወሰደ፣ ሥልጣንን ጠቅልሎ ለንጉሠ ነገሥቱ እንዳስረከበ በቃሉ ይዟል። በቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ያለፈ ሰው ደግሞ “ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ” የተባለውን ተውኔት የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር መነሻ ነው እየተባለ ተምሯል። ሕግ ተማሪው ስለ ቴአትሩ፣ ቴአትር ተማሪውም ስለ ሕገ መንግሥቱ ብዙም አይጨነቅም። ሁለቱም ግን ከአንድ ሰው እጅ የወጡ ናቸው። ያ ሰው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

እኚህን ሰው ብዙዎቻችን የምናስታውሳቸው በአንድ ነጠላ ማዕረግ ነው። አንዱ የመጀመሪያው ተውኔት ደራሲ ይላቸዋል፣ ሌላው ሕገ መንግሥት አርቃቂ፣ ሦስተኛው በጄኔቫ የኢትዮጵያ መልእክተኛ። የሕይወታቸው ትርጉም የሚገኘው ግን እነዚህ ሥራዎች አንድ ላይ ሲነበቡ ነው። ተክለ ሐዋርያት ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙለት አንድ ነገር ነበር፤ ሥልጣን ልክ ይኑረው የሚል። መጀመሪያ በአውሬዎች አፍ ተናገሩት፣ ቆይተው በአንቀጽ ጻፉት። የመጀመሪያው ታገደባቸው። ሁለተኛው ጸደቀላቸው፤ ሲጸድቅ ግን ለመጀመሪያው ከለላ የሚሆን አንቀጽ አልነበረበትም።

ከሰያደብር እስከ ፒተርስቡርግ

ተክለ ሐዋርያት የተወለዱት በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. በሸዋ ሰያደብር ነው። እንደዘመኑ ልጅ የቤተ ክህነት ትምህርት ጀምረው ገና በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄዱና በራስ መኮንን ቤት አካባቢ አደጉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ጦርነት ሲደረግ አሥራ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም፤ ሆኖም የራስ መኮንንን ጦር ተከትለው ዘምተዋል። ስንቅ ከሚሸከመውና መሣሪያ ከሚያቀብለው ሕዝብ ጋር ያን ሁሉ ተራራ በእግር የወጣና የወረደ ሕፃን ምን እንዳየ መገመት አይከብድም። አንድ ነገር ግን በግልጽ አይቷል፤ መድፍን።

ከድሉ በኋላ ራስ መኮንን ልጁን ሊዮንቲየፍ ለተባለው ሩሲያዊ መኮንን በአደራ ሰጡት። በዚህ ሁኔታ የሰያደብሩ ልጅ ሩሲያ ገባ። ከመኳንንት ቤተሰብ ጋር እየኖረ አደገ፣ ቋንቋቸውን እንደራሱ ተናገረ፣ በፒተርስቡርግም በሚካኤሎቭስኪ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገብቶ በጦር መኮንንነት ተመረቀ። ከአሥር ዓመት በላይ የቆየባት ያቺ ሩሲያ የቼኾቭ ተውኔቶች የሚታዩባት፣ ቴአትር ከመኳንንት መዝናኛነት አልፎ ስለ አገር ጉዳይ መነጋገሪያ የሆነባት ሩሲያ ነበረች። በዚያው ዘመን በ1905 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ አምፆ ዛሩ ሳይወዱ ምክር ቤት ሲፈቅዱም ታይቷል። ተክለ ሐዋርያት ኋላ አገራቸው ላይ የሞከሯቸው ሁለት ነገሮች፣ መድረክና ምክር ቤት፣ ሁለቱም በወጣትነታቸው ዘመን በሩሲያ የነበሩ ናቸው።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው እርሻ ተምረዋል። መድፈኛ ሆኖ እርሻ መማር ለዘመኑ ሰው እንቆቅልሽ ሳይሆን አልቀረም። ለእሳቸው ግን አገር የሚጠበቀውም የሚበላውም በእውቀት ነበር። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን፣ ሐኪም ወርቅነህን የመሳሰሉ ምሁራን በነበሩበት በዚያ ዘመን የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፤ ጃፓን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከኋላ ቀርነት ስትወጣ እኛ ለምን እንቀራለን? ተክለ ሐዋርያት ከዚህ ትውልድ መካከል ለጥያቄው መልስ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በሹመትም በመድረክም የፈለጉ ሰው ናቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱበት እንቅስቃሴም ተካፋይ ነበሩ። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ነግሠው ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሲሆኑ ብዙ ነገር ይለወጣል ብለው ከጠበቁት ወጣቶች አንዱ እሳቸው ነበሩ።

አውሬዎቹ መድረክ ላይ ሲወጡ

ፋቡላ የተጻፈበት ምክንያት ራሱ ቴአትር ይመስላል። በአዲስ አበባ በሚገኝ ሆቴል ቴአትር ይታያል ተብሎ ይሄዳሉ። ያገኙት ግን ዘፈንና ጭፈራ ነው። በአውሮፓ መድረክ ምን እንደሚሠራ ያየ ሰው ይህን ቴአትር ብሎ መቀበል አልቻለም። ተክለ ሐዋርያት ሌላው እንደሚያደርገው አጉረምርመው ወደ ቤታቸው አልገቡም፤ ቁጭ ብለው ጻፉ።

የመረጡት መንገድ ብልሃት ያለበት ነው። ከፈረንሳዊው ላፎንቴን ተረቶች ተነሥተው እንስሳትን ተዋናይ አደረጉ። ላፎንቴን በሉዊ አሥራ አራተኛ ዘመን በፈረንሳይ የኖረ ሰው ነው። ያ ንጉሥ ሥልጣኑ ወሰን አልነበረውም፤ ደራሲው ግን ስለ አንበሳና ስለ ተኩላ እያወራ ስለ ንጉሥና ስለ ሹም ይናገር ነበር። ለእኛም ይህ እንግዳ አይደለም። አያ ጅቦንና እመት ጦጣን እየሰማ ያደገ፣ ሰምና ወርቅ የለመደ፣ ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ የሚል ሕዝብ አውሬው ማን እንደሆነ እንዲነገረው አይጠብቅም። አዲሱ ነገር ተረቱ መድረክ ላይ መውጣቱ ነበር። እሳት ዳር የሚነገር ተረት የሚሰሙት ቤተሰቦች ናቸው። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ሹሙም ተሿሚውም አንድ አዳራሽ ተቀምጠው፣ አንዱ የሌላውን ፊት እያየ ይሰሙታል። ተረቱን አደገኛ ያደረገው ይህ ነው።

ተውኔቱ በ1913 ዓ.ም. አካባቢ በተራስ ሆቴል በመኳንንቱ ፊት ታየ። የተነሣበት ጉዳይ የአስተዳደር ብልሹነት፣ ጉቦና ኋላ ቀርነት ነው። ተመልካቹም እነዚያው አስተዳዳሪዎች ነበሩ። አንበሳው፣ ተኩላውና ቀበሮው ሲነጋገሩ ስንቱ ራሱን እንዳወቀ የምናውቀው ከተከተለው ነገር ነው። ንግሥት ዘውዲቱ ቴአትሩን አገዱ። ጽሑፉም እንዳይሰራጭ ተከለከለ። ንግሥቲቱ እስካረፉበት እስከ 1922 ዓ.ም. ድረስ የቴአትር ነገር ተዳፍኖ ቆየ። ከዚያ በኋላ ነው እነ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው በየትምህርት ቤቱ ቴአትርን እንደገና ያነሡት።

እዚህ ላይ ፍርድ ሰጥቼ ዘውዲቱን ብቻ ልውቀስ ብል ሚዛን አልጠበቅሁም። ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። የሼክስፒር አገር የምትባለው እንግሊዝ በ1642 እ.ኤ.አ. የቴአትር ቤቶቿን ሁሉ በምክር ቤት ትእዛዝ ዘግታ ነበር። እስከ 1660 ድረስ፣ ለአሥራ ስምንት ዓመታት፣ በሕጋዊ መንገድ መድረክ ላይ የወጣ ተዋናይ እምብዛም አልነበረም፤ ተደብቆ ሲጫወት የተያዘም ተቀጥቷል። ቴአትር ቤቶቹ ከተከፈቱ በኋላም በ1737 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ማንኛውም ተውኔት ከመታየቱ በፊት በቤተ መንግሥቱ ሹም እንዲመረመር ተደረገ። ይህ ቅድመ ምርመራ የተነሣው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ልዩነቱ ወዲህ ነው። እንግሊዞቹ ሲከለክሉም ሲፈቅዱም በጽሑፍ ነበር። በጽሑፍ የወጣ ክልከላ ሊከራከሩበትና በሌላ ሕግ ሊሽሩት ይቻላል። የእኛ ግን ከአንደበት የወጣ ቃል ነበር። ከአንደበት በወጣ ቃል ላይ ይግባኝ የለም።

ከመድረክ ወደ ግዛት

ፋቡላ ቢታገድም ደራሲው አልታሰሩም፤ አገር አስተዳደሩ። ከእገዳው በፊትም በኋላም ጅጅጋንና ጨርጨርን ገዝተዋል። በጅጅጋ ከተማ አቀያየስ ላይ አሻራቸውን ትተዋል። በጨርጨር የሠሩት ግን ይበልጣል። ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን መቀመጫ አድርገው ግዛቱን ለሌላው አርአያ እንዲሆን አዋቀሩት። የሹሞች ሥራ በጽሑፍ ተለየ፣ አገዛዙ በደንብ እንዲሆን ተሞከረ፣ የቡና ልማት ተስፋፋ።

ለሕግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ሹም የሚኖረው በደመወዝ ሳይሆን ከሚያስተዳድረው ሕዝብ በሚያገኘው ነበር። ምን ያህል መውሰድ እንዳለበት የሚነግረው ልማድና ሕሊናው ብቻ ነበሩ። ሕሊና ሲደክም ምን እንደሚሆን በፋቡላ አውሬዎች አፍ ተነግሯል። ተክለ ሐዋርያት በመድረክ ላይ የነቀፉትን በግዛታቸው ለማስተካከል ሞከሩ ማለት ነው። ተችቶ የሚቀር ሰው ብዙ ነው። ትችቱን ይዞ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የማይረሳው ግን ጥቂት ነው።

ሕገ መንግሥቱና የጎደለው አንቀጽ

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ የተክለ ሐዋርያት ተራ ደረሰ። የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፣ በጅሮንድ ተባሉ፣ ሕገ መንግሥትም እንዲያረቁ ታዘዙ። ሰነዱ በዚያው ዓመት ሐምሌ 9 ቀን ታወጀ። በሥነ ሥርዓቱ ላይ ለተሰበሰቡት መኳንንት ትርጉሙን ያብራሩትም አርቃቂው ራሳቸው ናቸው። አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በሆቴል አዳራሽ በአውሬ ቋንቋ ያናገሯቸውን መኳንንት አሁን በሕግ ቋንቋ አናገሯቸው።

ሕገ መንግሥቱ የንጉሠ ነገሥቱን ሰውነት ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውንም የማይደፈር አደረገ። ሁለት ምክር ቤቶች አቋቋመ። የሕግ መወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ናቸው። የሕግ መምሪያው አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በአካባቢ ሹማምንት የሚመረጡ ሆኑ። መቼና በማን ሚዛን እንደሚበቃ ግን አልተጻፈም። ቢሆንም ያለ ሕግ መታሰርን ከለከለ፣ ቤት እንዳይበረበር፣ ደብዳቤ እንዳይከፈት፣ ንብረት እንዳይነጠቅ በሕግ ልክ ጠበቀ። አቤቱታ የማቅረብ መብትንም ሰጠ። ንጉሥ በቃሉ ሳይሆን በጽሑፍ ይገዛል የሚለው ሐሳብ በዚህ አገር የተዘራው ያን ቀን ነው።

ወዳጆቼ፣ አሁን ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣው የጃፓኑ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ለጃፓናውያን በሕግ ወሰን ውስጥ የመናገር፣ የመጻፍ፣ የማሳተምና የመሰብሰብ ነፃነትን ይሰጣል። የእኛው አርአያ ያደረገው ይህንኑ ሰነድ ነው። ስለ ዝውውር፣ ስለ ቤት፣ ስለ ደብዳቤና ስለ ንብረት የሚናገሩት ድንጋጌዎች በእኛም አሉ። የመናገር ነፃነት ድንጋጌ ግን የለም። ተውኔቱ የታገደበት ሰው ያረቀቀው ሕገ መንግሥት ሲታወጅ ተውኔት የሚጠለልበት አንቀጽ አልነበረውም።

ይህ ለእኔ በሕይወታቸው ውስጥ እጅግ የሚያሳዝነው ነጥብ ነው። ሹሙ ቤቴን ቢበረብር ሕግ አለ፣ በሬዬን ቢነዳ ሕግ አለ፣ ስለ ሹሙ ተረት ብናገር ግን ሕግ የለም። የቀሩትን መብቶች በሙሉ የሚያስጠብቀው ግን ይኸው የጎደለው ነበር፤ በሬው መነዳቱን ጮኾ የሚናገር ከሌለ የንብረት አንቀጽ ወረቀት ሆኖ ይቀራልና። የመናገር ነፃነት በሕገ መንግሥታችን የተጻፈው ከሃያ አራት ዓመት በኋላ በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ነው፤ እሱም በሕግ ወሰን ውስጥ ተብሎ። ወሰኑን የሚያሰምረው ደግሞ ሳንሱር ነበር።

ጄኔቫ፣ ስደትና ሂርና

በ1920ዎቹ አጋማሽ ተክለ ሐዋርያት በፈረንሳይና በእንግሊዝ የኢትዮጵያ መልእክተኛ፣ በመንግሥታቱ ማኅበርም ወኪል ሆኑ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ሲነሣ ጄኔቫ ላይ የአገራቸውን ክስ ይዘው የቆሙት እሳቸው ናቸው። ብዙዎቻችን ጄኔቫ ሲባል የሚታወሰን ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1928 ዓ.ም. ያደረጉት ንግግር ነው። ከዚያ በፊት ወራሪው ገና ሲሰናዳ፣ ዓለም ቢፈልግ ኖሮ ሊያስቆመው በሚችልበት ጊዜ፣ በዚያው መድረክ ሲከራከሩ የከረሙት ግን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ነበሩ። ሕግ ያለ አስፈጻሚ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የተማረ የሕግ ሰው አይገኝም። የማኅበሩ ቃል ኪዳን በጽሑፍ ነበር፣ ተፈርሞበት ነበር፣ ኢጣሊያም ወራሪ ተብላ ተፈርዶባት ነበር። ጋዙ ግን ከመውረድ አልቀረም።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በጦርነቱ መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር እንዳይወጡ፣ ይልቁንም ወደ ገጠር ገብቶ የሽምቅ ውጊያ እንዲደረግ ከመከሩት አንዱ ነበሩ። ምክሩ አልተሰማም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወጡ። ተክለ ሐዋርያትም ኋላ በጅቡቲ በኩል ተሰደው መጨረሻቸው ማዳጋስካር ሆነ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ የሕገ መንግሥቱ አርቃቂ በሩቅ ደሴት ላይ ነበሩ። ወዲያው አልተመለሱም። ከነፃነት በኋላ አሥር ዓመት አልፎም እዚያው ነበሩ። ለምን ቢባል ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የነበረው ፍቅር ተሰብሮ ነበር።

በመጨረሻ ተመልሰው በሐረርጌ ሂርና በእርሻቸው ላይ ተቀመጡ። ያ ወጣት በአውሮፓ የተማረው እርሻ ለሽምግልናቸው ጠቀማቸው። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት “አርአያ” የተባለውን ልቦለድና “ቴዎድሮስ” የተባለውን ተውኔት ጽፈው ስማቸውን በሥነ ጽሑፋችን አኖሩ። አባት በአውሬ ሸፍነው የተናገሩትን ልጅ ስለ ንጉሥ በንጉሥ ስም ተናገሩ፤ የሞተ ንጉሥ ቢሆንም። ሽማግሌው ያረቀቁት ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. መስከረም ሲወድቅ በሕይወት ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. አረፉ። የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው በ1998 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ ተውኔታቸው እንደታገደ ሁሉ የመጨረሻ መጽሐፋቸውም አንባቢ እጅ የገባው እሳቸው ካለፉ ከሃያ ዘጠኝ ዓመታት በኋላ ሆነ።

ለእኛ የተረፈው

ከ18 ማዞሪያ ታክሲ ተሳፍሮ ፒያሳ የሚወርድ ሰው ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ስሙ የሚታወቀውን ሀገር ፍቅርን ያገኛል። ትንሽ ወረድ ቢል በ1948 ዓ.ም. የተመረቀው ብሔራዊ ቴአትር አለ። እኛ ሰፈርም፣ ኮልፌ፣ ሚና ተከፋፍለው የሚለማመዱ፣ አዳራሽ የቸገራቸው ወጣቶች አይጠፉም። የሁሉም ሥር ተራስ ሆቴል በታየችው በዚያች አንዲት ተውኔት ላይ ነው። ስለዚህ የበጅሮንድ ነገር የሙዚየም ነገር አይደለም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን በቃል፣ በጽሑፍ፣ በሕትመትና በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጽ መብትን ይደነግጋል። የሥነ ጥበብ ፈጠራ ነፃነትን ያረጋግጣል፣ ቅድመ ምርመራንም ይከለክላል። የቁጥሩ መግጠም ያስገርማል። በጃፓኑ ሰነድ በ29ኛው አንቀጽ የነበረውና በ1923 የቀረብን መብት ከስድሳ ዓመት በላይ ዞሮ በእኛም በ29ኛው አንቀጽ መጣ። አንቀጹ አለን እንግዲህ። ተክለ ሐዋርያት ይህ አልነበራቸውም።

ነገር ግን ከእሳቸው ሕይወት አንድ ነገር ከተማርን የተጻፈ ነገር ብቻውን እንደማይቆም ነው። በጄኔቫ የተጻፈ ቃል ኪዳን ነበር፣ አላዳነም። በ1923 የተጻፈ ሕግ ነበር፣ ያልተጻፈው በለጠበት። አንቀጽ 29 የሚጸናው በነጋሪት ጋዜጣ ስለታተመ ሳይሆን አንበሳውን፣ ተኩላውንና ቀበሮውን መድረክ ላይ የሚያወጣ ደራሲ፣ ሚናውን ሳይፈራ የሚጫወት ተዋናይ፣ ራሱን በአውሬው ውስጥ አይቶ ከመቆጣት ይልቅ የሚያፍር ሹም ሲገኝ ነው። ደራሲና ተዋናይ ይህች አገር አጥታ አታውቅም። የሚያፍር ሹም ግን በ1913 አልተገኘም፤ ዛሬም የምንጠብቀው እሱን ነው።

ቸር ይግጠመን።